በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ቀልድ፦ የት ይግባ፣ የት ይቁም?

ጥያቄ፦ «የፊልም ትምህርቴን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ለመመረቂያ የሠራሁት የ22 ደቂቃ አስፈሪ ፊልም ነው። ሦስት ጓደኛሞች ከተማ ዳር ካለ አሮጌ ግቢ ቤት ይከራያሉ። አከራያቸው ደግና ወሬ የምትወድ አሮጊት ናት፤ ሌሊት ግን ከጓሮ በኩል የሞተች ልጇ ድምፅ ይሰማል። ከጓደኛሞቹ አንዱ ቀልደኛ ነው፤ እስከ መጨረሻው ይቀልዳል። ለክፍል ጓደኞቼና ለዘመዶቼ ሳሳየው ቀልዶቹ ላይ ሳቁ፣ ደስ አለኝ። ግን ልጅቷ ከጓሮ ስትወጣም ሳቁ። አስተማሪዬ ‹ቀልድ ፍርሃትን ይገድላል፣ ሁሉንም ቆርጠህ አውጣ› አሉኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ባይሆን ኮሜዲ አድርገው፣ ይሸጣል› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

በፊልምህ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሳቅ አለ፤ አንተም፣ አስተማሪህም፣ ጓደኛህም ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥራችኋቸዋል። አንደኛው አንተ ጽፈህ ያመጣኸው ነው። ሁለተኛው ሳትጠራው የመጣ ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ ቀልዱን ሁሉ ቆርጠህ ብታወጣ ሁለተኛው ሳቅ አብሮ ላይወጣ ይችላል። ፊልሙን ኮሜዲ ነው ብትለው ደግሞ ያልፈለግኸውን ሳቅ እንደፈለግኸው አስመስለህ ማለፍህ ነው።

«ቀልድ ፍርሃትን ይገድላል» የሚለው እንደ አጠቃላይ ሕግ ትክክል አይደለም። ሰውን በብርቱ ካስፈሩት ፊልሞች ብዙዎቹ ውስጥ ሳቅ አለ። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራውን «ጆውስ» ተመልከት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ሰዎች በአንዲት ጀልባ ገዳይ ሻርክ ፍለጋ ወጥተዋል። ማታ እየጠጡ ሁለቱ ገላቸውን እየገለጡ በጠባሳ ይፎካከራሉ፤ ይሄ ከምን መጣ፣ ያኛውስ ከምን፤ ሳቁ ይደራል። የፖሊስ አዛዡ ብሮዲም ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ የራሱን ያያል፤ ለውድድር የሚበቃ አይደለምና መልሶ ይሸፍነዋል። ከዚያ ክዊንት የተባለው አሣ አጥማጅ ክንዱ ላይ ስላስፋቀው ንቅሳት ይጠየቃል። በ1945 በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ የሰጠመችው «ኢንዲያናፖሊስ» የተባለች የጦር መርከብ ስም ነበር። ሳቁ እዚያ ላይ ቀጥ ይላል፤ ክዊንትም ባሕር ላይ ተንሳፍፈው ሳሉ ሻርክ ባልንጀሮቹን አንድ በአንድ ሲወስድ ያየውን ይተርካል። በዚያ ትረካ ውስጥ ሻርክ አይታይም፣ የደም ጠብታም የለም። እንዲያ የሚከብደን ከእነዚህ ሰዎች ጋር አሁን ስንስቅ ስለነበር ነው። የማታውቀው ሰው ሲሞት ብታይ ትደነግጣለህ፤ የምትሳሳው ግን አብሮህ ለሳቀ ሰው ነው። አስተማሪህ ያሉህን ብትፈጽም መጀመሪያ የምታጣው ይህንን ነው፤ ሦስቱ ልጆች ለተመልካቹ ባዕድ ይሆናሉ።

ወደ ሁለተኛው ሳቅ ልምጣ። ሰው በድንጋጤ መሃል የሚስቅበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የገላ ጉዳይ ነው። ስንደነግጥ ልባችን ይመታል፣ ትንፋሻችን ይቆማል፤ አደጋው ሐሰት መሆኑ ሲገባን የተነሣው ስሜት ወዲያው አይበርድም፣ መውጫ ይፈልጋል። ዶልፍ ዚልማን የተባሉ የሥነ ልቦናና የተግባቦት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይህንን በንድፈ ሐሳብ አስቀምጠውታል፦ ከአንዱ ስሜት የተረፈው ግለት በሚቀጥለው ስሜት ላይ ይደመርና ያጎላዋል። በ1942 ዣክ ቱርነር ባዘጋጀው «ካት ፒፕል» አንዲት ሴት በጨለማ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ከኋላዋ የሚከተላት ኮቴ በድንገት ይጠፋል፤ ጸጥታው ሲከብዳት አውሬ የሚመስል ድምፅ ያፏጫል፤ አውቶቡስ ነው፣ ፍሬን ይዞ አጠገቧ የቆመ። ተመልካች እዚህ ላይ ይዘልላል፣ ከዚያ ይስቃል። ይህ ሳቅ ፊልሙ በትክክል እንደሠራ ምልክት ነው። የሚመጣው ግን ከዝላዩ በኋላ ነው።

የአንተ ተመልካቾች የሳቁት «ልጅቷ ስትወጣ» ነው። ከዝላዩ በፊት ከሆነ ወይም ጭራሽ ዝላይ ከሌለ፣ ያ ሳቅ ያለማመን ሳቅ ነው። እዚህ ላይ ኖኤል ካሮል የተባሉት አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1999 ስለ አስፈሪና አስቂኝ ነገር ዝምድና ያቀረቡት ሐሳብ ይጠቅምሃል። አስፈሪ ፍጡር ድንበር የጣሰ ነገር ነው፤ ሞቶ የሚሄድ፣ ግማሹ ሰው ግማሹ አውሬ የሆነ። አስቂኝ ነገርም እንዲሁ ከቦታው የወጣ፣ ያልተጠበቀ ነገር ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አደጋው ነው። አደጋውን ካነሣህለት ያው ፍጡር ያስቃል። ይህንን ለመረዳት ከአገራችን ተረት አንወጣም። ጅብ በተረታችን ልጅ የሚያስፈራሩበት በላተኛ ነው፤ በዚያው ተረት ግን «አያ ጅቦ» እየተባለ የሚታለልና የሚዋረድ ቂል ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ስንል የምንስቀው ምን እንደሚበላ ስለምናውቅበት ነው። የማያውቁት አገር ሰዎች ግን ቁርበቱን ሊያነጥፉለት ነው! ያንኑ ታሪክ ከእነርሱ ወገን ሆነህ ብትቀርጸው አስፈሪ ፊልም ይወጣዋል። የቀልዱና የፍርሃቱ ጥሬ ዕቃ አንድ ነው። የሚለየው ካሜራህ አደጋው ካለበት ወገን መቆሙና አለመቆሙ ነው።

አሁን ፊልምህ ውስጥ አደጋውን ያነሣው ማን እንደሆነ እንፈልግ። ከጻፍኸው ተነሥቼ የምጠረጥረው ቀልደኛውን ነው። መቀለዱ አይደለም ጥፋቱ፤ «እስከ መጨረሻው» መቀለዱ ነው። ተመልካች ምን ያህል መፍራት እንዳለበት የሚያውቀው በገፀ ባሕርያቱ ፊት ነው። ለአደጋው እጅግ የቀረበው ሰው እየቀለደ ከሆነ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ለምን ይፈራል? ከ«ጆውስ» ሌላ ቦታ ልጥቀስልህ። ብሮዲ ሲጋራውን አፉ ላይ እንደሰካ፣ ለሻርኩ ማባበያ የሚሆን የዓሣ ሥጋ በአካፋ ወደ ባሕር እየወረወረ ያጉረመርማል፤ እናንተም መጥታችሁ ሞክሩት ዓይነት። ፈገግ ማለት እንደጀመርን ሻርኩ ከጀርባው ብቅ ይላል። ቀጥሎ ያለውን አስተውል። ብሮዲ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይገባና ከዚህ የሚበልጥ ጀልባ እንደሚያስፈልግ ለክዊንት ይነግረዋል። ሲኒማ ቤቱ በዚህ ንግግር ይስቃል፤ ብሮዲ ግን እየቀለደ አይደለም፣ ፊቱ ደም የለውም፣ የተናገረው እውነቱን ነው። ከአደጋው በፊት ሰውየው ቅሬታውን ያሰማል፣ ከአደጋው በኋላ ፍርሃቱን ይናገራል፤ ሳቁን ራሳችን እናመጣዋለን። የአንተ ቀልደኛ ከአደጋው በኋላም ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ከቀጠለ ልጅቷን አንተ ራስህ ገድለሃታል።

ሌሎች ሦስት ጥርጣሬዎችም አሉኝ፤ አጠር ላድርጋቸው። ተመልካቾችህ የክፍል ጓደኞችህና ዘመዶችህ ናቸው፤ በነጭ ቀሚስ የወጣችውን ልጅ በስሟ ያውቋታል፣ እሷን በዚያ ሜካፕ ማየቱ ብቻ ያስቃቸዋል። ይህ ስለ ፊልምህ ምንም አይነግርህም። ሁለተኛ፣ ልጅቷ ምን ያህል ሰከንድ ሙሉ ፊቷ በብርሃን ይታያል? በአነስተኛ በጀት የተሠራ ሜካፕ ሳይቆረጥ ለረዥም ጊዜ ሲታይ አያሳምንም። ሦስተኛ፣ ከቀልዱ ሥር የማስቂያ ሙዚቃ ወይም የድምፅ ማጀቢያ አስገብተህ ከሆነ አውጣው። ኮሜዲዎቻችን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ለተመልካቹ «አሁን ሳቅ» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ ትእዛዙ በሚቀጥለው ትዕይንትም አይለቀውም።

ያለህን ምርጫ ልመዝንልህ። ቀልዱን ሁሉ ማውጣት ይቻላል። ከመጀመሪያው ሾት እስከ መጨረሻው ፈገግታ የሌለባቸው ታላላቅ አስፈሪ ፊልሞች አሉ። ነገር ግን እነርሱ ሲጻፉም እንደዚያ ነው የተጻፉት፤ ክብደታቸው የሚመጣው ከዝግታቸው፣ ከድምፃቸው፣ ከቦታቸው ነው። የአንተ ፊልም በጓደኛሞች ጨዋታ ላይ የቆመ ነውና ቀልዱ ሲወጣ የሚቀርህ ምናልባት 14 ደቂቃ የማይናገሩ ሰዎች ነው። አልመክርህም።

ኮሜዲ ማድረግ የሚለው ከዚህም የባሰ ነው፤ ቀላል መውጫ ስለሚመስል። ሁለቱን በእኩል የሚይዝ ፊልም ከሁለቱም ይከብዳል። ጆን ላንዲስ «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» የተባለውን ፊልም ስክሪፕት በ1969 ጽፎ ለዓመታት ገንዘብ የሚሰጠው አጣ፤ ለአስፈሪነት ያስቃል፣ ለኮሜዲ ያስፈራል እየተባለ። በ1981 ሲሠራው የያዘው ሥርዓት ግን ግልጽ ነበር። በአውሬ የተገደለው ጓደኛ ሆስፒታል ለተኛው ጓደኛው ይታየዋል፤ ጉሮሮው እንደተዘነጠለ ቁራሽ ዳቦ ይለምነዋል፣ ያወጋዋል። ያስቃል። መልእክቱ ግን ጨረቃዋ ሳትሞላ ራስህን ግደል የሚል ነው፤ ያለዚያ ሰው ትበላለህ። ልጁ ወደ ተኩላነት ሲለወጥ ደግሞ ፊልሙ ብርሃኑን አብርቶ አጥንቱ ሲዘረዝር ያሳየናል፤ ሥቃዩን አያቃልለውም። የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር ለዚህ ሥራው በሜካፕ ዘርፍ የተሰጠውን የመጀመሪያውን መደበኛ ኦስካር ወሰደ። ከኤድጋር ራይት «ሾን ኦፍ ዘ ዴድ» (2004) የምታገኘውም ይህንኑ ነው። ሙታን ተነሥተው ሰው የሚነክሱበት፣ የተነከሰም እንደ እነርሱ የሚሆንበት፣ ከላይ እስከ ታች ኮሜዲ ነው፤ የጀግናው እናት ልጇን ላለማስጨነቅ የተነከሰችበትን ደብቃ መቆየቷ ሲታወቅና ልጇ ሊተኩስባት ሲገደድ ግን ቀልዱ ተነሥቶ ይወጣል። እነዚህ ፊልሞች ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ለሁለቱም ተብለው የተጻፉ ናቸው። ተቀርጾ ያለቀን ፊልም ኤዲቲንግ ላይ ኮሜዲ ማድረግ አይቻልም፤ የሚወጣው ራሱን የማያምን ፊልም ነው።

እንግዲህ የምመክርህ ሦስተኛውን ነው፦ ቀልዱን አቆየው፣ ባለቤቱን አስተካክል፣ የሚቆምበትን ቦታ ወስን። ቀልድ የሰዎቹ ይሁን፤ አስፈሪው ነገር አይቀልድ፣ አይቀለድበትም። ይህ ሲጣስ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግህ ዌስ ክሬቨን በ1984 የፈጠረውን፣ ሰዎችን በሕልማቸው የሚገድለውን ፍሬዲ ክሩገርን በየተከታታዩ ተከተለው። በመጀመሪያው «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ብዙ አይናገርም፣ ከጥላም እምብዛም አይወጣም። በኋላ በመጡት ተከታታዮች በገደለ ቁጥር ቀልድ የሚጥል ሆነ፤ ተመልካቹም እሱን ለመስማት ይመጣ ጀመር፤ ሟቾቹ ማንም የማያዝንላቸው ሆኑ። ክሬቨን ራሱ በ1994 ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ፍሬዲን መልሶ ማክበድ ነበር።

አንድ ነገር ልለይልህ፤ ይህንን ደንብ አጥብበህ እንዳትይዘው። ክፉው ሲስቅ ሁልጊዜ ፍርሃቱ አይቀንስም። በ«ስክሪም» (1996) መክፈቻ ላይ ስልክ የደወለው ሰው ከልጅቷ ጋር ስለ አስፈሪ ፊልም እየተጨዋወተ ይሽኮረመማል፤ እሷም ደስ ብሏት ትመልሳለች፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ ማወቅ የሚፈልገው እያያት ስለሆነ መሆኑ ሲገባት ያ ጨዋታ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመርዛል። እሱ ከዚያ በኋላም ይጫወታል፣ እኛ ግን አንስቅም። ስለዚህ ቀልድ ስትጽፍ ራስህን የምትጠይቀው «ያስቃል ወይ?» ብለህ ብቻ አይደለም፤ ከማን ጋር ነው የምንስቀው ብለህ ጭምር ነው።

ፊልምህ ላይ ይህ ምን ማለት ነው? ቀልደኛህ ያለህ ምርጥ ሀብት ነውና አስተካክለው። ጆርዳን ፒል በ2017 በሠራው «ጌት አውት» ውስጥ ሮድ የሚባል የጀግናው ቀልደኛ ጓደኛ አለ። አደጋው ካለበት ግቢ ሩቅ ነው፤ ቀልዱ በስልክ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በግቢው ውስጥ ያለውን አየር አይበክለውም። ከሁሉም የሚልቀው ግን ሮድ ጓደኛው ሲጠፋ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የጠረጠረውን የሚናገርበት ትዕይንት ነው። መርማሪዎቹ ሰምተው ሰምተው በሳቅ ይፈነዳሉ። እኛም እንስቃለን፤ ነገር ግን ሮድ ወደ እውነቱ ከሁሉም እንደቀረበ እናውቃለን፤ ሳቁ እንዳለቀም ያንን ልጅ የሚያድነው ማንም እንደሌለ ይገባናል። ፒል በዚህ ስክሪፕት ኦስካር የተሸለመው ቀልድ ለጌጥ ስላስገባ አይደለም፤ ቀልዱ ወጥመዱን ስለሚያጠብቅ ነው።

አንተም ይህንን መንገድ ያዝ። ቀልደኛህ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዘጠኝ ደቂቃዎች እንደልቡ ይቀልድ፤ ሌሎቹን በሐሰት ያስደንግጣቸውም። ከዚያ ሌሊት ብቻውን ወደ ጓሮ ይውጣ። እኛ ያየውን አናይም፤ ሲመለስ ፊቱን ብቻ እናያለን። ሲናገር ጓደኞቹ ይስቁበት፣ «ዛሬስ በደንብ ተውነሃል» ይበሉት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ፊልሙ መጨረሻ አንድ ቀልድ ከአፉ አይውጣ። ዝምታው ከልጅቷ ሜካፕ በላይ ይሠራልሃል። ይህንን ለመቅረጽ ሦስቱን ተዋንያን አንድ ሌሊት ማግኘት ይበቃሃል።

አሮጊቷንም አልተጠቀምህባትም። ደግና ወሬኛ ካደረግሃት ቀልድ ለእሷም ስጣት፤ ሁለተኛ ሲታሰብ የሚያስፈራ ቀልድ። ለምሳሌ ቡና ታፈላላቸዋለች፤ እነሱ ሦስት፣ እሷ አራት፣ ረከቦቱ ላይ ግን አምስት ሲኒ ትቀዳለች። ቀልደኛው «እማማ፣ አምስተኛው የእኔ ድጋሚ ነው አይደል?» ይላታል። ትስቃለች፣ እንስቃለን፣ ሲኒውን ግን ማንም አያነሣውም። አቦሉ ያልፋል፣ ቶናውም ይቀዳል። ካሜራህ ሲኒው ላይ አይቆይ፤ ተመልካቹ ራሱ ይቁጠር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሞተችዋ ልጅ ናት፣ እናቷም ሐዘንተኛ ናት። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ሐዘንተኛን ለማጽናናት ያጫውታል፣ ያስቃልም፤ በሐዘኑ ላይ ግን አይቀልድም። ተመልካችህ ይህንን ሥርዓት ከቤቱ ይዞት ነው የሚመጣው። ስለ ልጅቷ ሞት ወይም ስለ እናቷ ዕንባ አንድ ቀልድ ከገባ ቀልደኛህን ይጠሉታል፤ ከተጠላ ሰው ጋር ደግሞ ማንም አይፈራም። ሌላው፣ ድምፁን ከመንፈስ፣ ከጠበል ወይም ከዛር ጋር የምታያይዘው ከሆነ ይህ ለብዙ ተመልካች ተረት እንዳልሆነ አትርሳ። ሰዎቹ በፍርሃታቸው ይቀልዱ፤ እምነቱን ግን መቀለጃ አታድርገው። ያስቀይማል፣ ከዚያም በላይ ፊልምህ የቆመበትን መሠረት ያፈርሳል።

ቀልድ የማይሠራውንም ልንገርህ። ደካማ የማስፈሪያ ትዕይንትን አያድንም። ልጅቷ የምትወጣበት ሾት ራሱ ካልሠራ፣ ዙሪያውን ምንም ብታስተካክል ይስቁባታል። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ የማስቂያ ሙዚቃውን አውጣ፣ ቀልደኛውን ከጓሮ መልስ ዝም አሰኘው፣ ከልጅቷ መውጣት በፊት ባለው አንድ ደቂቃ ውስጥ ያለውን ቀልድ ቁረጥ። ከዚያ ተዋንያኑን ለማያውቁ አሥር ያህል ሰዎች በጨለማ ክፍል፣ በጥሩ ድምፅ አሳያቸው። አንተ ከኋላ አትቀመጥ፤ ከጎን ሆነህ ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን እይ፣ የሳቁበትን ደቂቃና ሰከንድ ጻፍ። ሲያልቅ «ፈራችሁ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ይሉኝታ ይዟቸው «አዎ» ይሉሃል። የትኛውን ልጅ እንደወደዱና እማማ አምስተኛውን ሲኒ ለማን እንደቀዱ ጠይቃቸው። ዘልለው ከሳቁ ጨርሰሃል። ሳይዘልሉ ከሳቁ ቀልዶቹን አትንካ፤ የልጅቷን ፊት ከፊልሙ አውጣና ድምፅዋን ብቻ አስቀር።